መብራት ሲመጣ አትቸኩሉ

የተከበራችሁ የኮልቾ መንደር አባቶችና እናቶች፣ ከዱስና ከላቡክ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጂንካ ድረስ አብራችሁኝ የተጓዛችሁ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች፣ ማሳችሁንና ፍየሎቻችሁን ትታችሁ ልታደምጡኝ ስለ ተቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የእናንተን የካሮን ቋንቋ ስለማላውቅ በአማርኛ እናገራለሁ፤ ቃሌን ለአባቶች ለምታደርሱልኝ ወጣቶች ምስጋናዬ አስቀድሞ ይድረሳችሁ።

ልናገር የመጣሁት መብራት በድንገት ሲጠፋ ስለሚጎዳ ኮምፒዩተር አጠጋገን ነው። በተለይም ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ስለሚሠራው። ነገሩ ከዚህ ገደል የራቀ ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚህ የቀረበ ቦታ አላገኘሁለትም። ከእግራችን በታች የሚታጠፈውን የኦሞን ወንዝ ተመልከቱ። ከዚህ ብዙ ርቆ በላይኛው ተፋሰስ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ጊቤ ሦስት ግድብ ቆሟል። 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። እናንተ ግድቡን የምታውቁት በሙላቱ መቅረት ነው፤ ወንዙ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን አርሶ ሲመለስ ማሽላ የምትዘሩበት እርጥብ አፈር እንደ ዱሮው አይመጣም። ከተሜው ግድቡን ያወቀው በሌላ መንገድ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግድቡ ያለው ውኃ አንሶ አገሪቱ 476 ሜጋ ዋት ጎደላት፤ መብራትም በፈረቃ ሆነ። የዚህ ወንዝ ውኃ ሲቀንስ አዲስ አበባ ውስጥ በተከፈተ ኮምፒዩተር ላይ ግማሽ የተጻፈ ደብዳቤ ጠፋ ማለት ነው። በሩቅ የተዘጋ ነገር በቅርብ ያለውን ሥራ እንዴት እንደሚያቋርጥ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሊኑክስም ቢሆን ለእናንተ እንግዳ አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ሥራ ነው። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ ውስጡ ሊኑክስ ነው። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ብዙ ሰርቨርም በእሱ ይሠራል። በነፃ ስለሚገኝና በአሮጌ ማሽን ላይ ስለሚነሳ ገንዘብ ለሌለው ትምህርት ቤት የታመነ ወዳጅ ነው።

አሁን የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት በእሱ ምክንያት ነውና።

ከዓመታት በፊት በአንድ አካባቢ የሽማግሌዎችን ተረት፣ ዜማና የዘር ቆጠራ በምንቀዳበት ሥራ ላይ ነበርኩ። ቅጂው ሁሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለተኛ ኮፒ አልነበረውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ አልነሳ አለ። ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት፣ ፋይል ሲስተሙ፣ መዛባቱንና ኤፍኤስሲኬ የተባለውን የጥገና ፕሮግራም በእጃችን እንድናስኬድ የሚናገር ጽሑፍ በጥቁር ስክሪን ላይ ቆመ። ሰዎች ከኋላዬ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የፕሮግራሙ ጥያቄ ሲበዛብኝ ለሁሉም «አዎ» የሚል መልስ እንዲሰጥ አዝዤ ለቀቅኩት። ዲስኩ ላይ ለካ ሊነበቡ የማይችሉ የተጎዱ ቦታዎች ነበሩ። ፕሮግራሙ «ይህን ቦታ ማንበብ አልቻልኩም፤ ልለፈው?» ሲል አዎ ተባለ። «በግድ ልጻፍበት?» ሲል አሁንም አዎ ተባለ። የፋይሎቹ አድራሻ የነበረበት ቦታ በባዶ ተጻፈበት።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኮምፒዩተሩ ተነሳ፤ ሰዎቹም አጨበጨቡ። ማታ ፎልደሮቹን ስከፍት የአንዲት እናት ድምፅ የለም። ልጅ ሲታመም የሚዜም ዜማ ነበር የቀዳንላቸው። በበጋው ተመልሰን ስንሄድ እሳቸው አርፈዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ የያዝኩት ነገር አንድ ነው፤ ዛሬም የምነግራችሁ እሱኑ ነው። መብራቱ በድንገት ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ጥቂት ነው። ብዙው የሚጠፋው መብራቱ ተመልሶ ከመጣ በኋላ፣ በሚቸኩል እጅ ነው። አማርኛው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል። በዲስክ ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም።

ይህን ለመረዳት ዲስክ እንዴት እንደሚጽፍ ማወቅ ይበቃል። አንድ ፋይል ስታስቀምጡ ሥራው አንድ አይደለም። ይዘቱ በዲስኩ ላይ ቦታ ይይዛል። የያዘው ቦታ በአንድ መዝገብ ይሰፍራል፤ ይህ መዝገብ አይኖድ ይባላል። የፋይሉ ስም በፎልደሩ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ከባዶ ቦታዎች ሒሳብ ላይም ይቀነሳል። መብራት ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ቢጠፋ ስም ያለው ግን ይዘት የሌለው፣ ይዘት ያለው ግን ስም የሌለው፣ ወይም ሁለት ፋይሎች የእኔ ነው የሚሉት ቦታ ሊፈጠር ይችላል። ፋይል ሲስተም ተዛባ የሚባለው ይህ ሲሆን ነው።

የሊኑክስ ሰዎች ለዚህ ያበጁት መላ ጎረቤቶቻችሁ ሐመሮች ከሚያውቁት ነገር ጋር ይመሳሰልብኛል። ሐመር የከብት ዝላይ ሥርዓት ሲደግስ ለተጋባዡ ቋጠሮ ያለበት ልጥ ይሰጠዋል። ቋጠሮዎቹ እስከ ድግሱ የቀሩትን ቀናት ይቆጥራሉ፤ ተጋባዡ በየማለዳው አንድ አንድ ያስወግዳል። በመንገድ ቢደክመው፣ ቢታመም፣ እንቅልፍ ቢጥለው እንኳ ሲነቃ ልጡን አይቶ የት እንደ ደረሰ ያውቃል። በ2001 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ የገባው ኢኤክስቲ3 የተባለው ፋይል ሲስተም፣ ከእሱም በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. የመጣው ኢኤክስቲ4 እንዲህ ያለ ቋጠሮ አላቸው። ጆርናል ይባላል። ፋይል ሲስተሙ መዝገቡን ከመለወጡ በፊት ሊለውጥ ያሰበውን በጆርናሉ ላይ ይጽፋል፤ ሐሳቡን ጽፎ ሲጨርስም «ተፈጸመ» የሚል ምልክት ያኖርበታል። ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን መዝገብ የሚነካው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጆርናሉ ይነበባል። ምልክት ያለበት ሥራ ሁሉ ዳግም ይሠራል፤ ምልክት የሌለበት እንዳልታሰበ ይተዋል። ይህ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል፤ እናንተም ሳታውቁት ይጠገናል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ ጆርናሉን እያነበበ ያለን ኮምፒዩተር አታጥፉት። ዘገየ ብላችሁ ቁልፉን አትጫኑ።

ጆርናል ግን ሁሉን አያድንም፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። በተለመደው አሠራሩ የሚጠብቀው መዝገቡን ነው፤ እየጻፋችሁ የነበረውን የመጨረሻ ገጽ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ኢኤክስቲ4 ገና አዲስ ሳለ ማሽናቸው በድንገት የቆመባቸው ሰዎች ፋይሎቻቸውን ሲከፍቱ ስሙ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ሆኖ አገኙት። ፋይል ሲስተሙ ለፍጥነት ሲል ይዘቱን ወደ ዲስክ የሚያወርድበትን ጊዜ ያዘገይ ነበርና ነው። ከዋነኞቹ ሠሪዎች አንዱ ቴዎዶር ጾ ምክንያቱን ለሕዝብ አስረድቶ ማስተካከያ ጨመረ። ከዚያ የምንማረው «አስቀምጥ» ማለትና በዲስክ ላይ መቀመጥ በአንድ ቅጽበት የሚሆኑ ነገሮች አለመሆናቸውን ነው። በሁለቱ መካከል ሰከንዶች አሉ፤ መብራትም የሚጠፋው በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ፍላሽና የስልክ ሚሞሪ ካርድ ብዙ ጊዜ ፎርማት የሚደረጉበት ፋት የተባለው ሥርዓት ጆርናል የሚባል ነገር የለውም። ቅጂያችሁን በእነሱ ብቻ ማኖር ያለ ቋጠሮ መንገድ መውጣት ነው።

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ። ኮምፒዩተሩ አልነሳ ሲል በየከተማው የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ፎርማት እናድርገው» የሚል ነው። ፎርማት አድርጎ ሥርዓቱን እንደገና መጫን ማሽኑን ያስነሳል፤ የያዘውን ግን ይደመስሳል። ከማሽኑ ይልቅ የያዘው ከበለጠባችሁ ይህን ቃል ስትሰሙ ዲስካችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከሁሉ በፊት፣ ማሽኑ ጆርናሉን እያነበበ ካልሆነ፣ የመብራት ኬብሉን ንቀሉ። የሚመጣው መብራት እየተዋዠቀ ከሆነ ጥገና አይጀመርም። በጥገናው መካከል ዳግም የሚጠፋ መብራት ከመጀመሪያው የባሰ ይጎዳል። የተረጋጋ ኃይል፣ የሞላ ባትሪ ወይም ዩፒኤስ የሚባለውን የመጠባበቂያ ኃይል እስክታገኙ ጠብቁ። ሥራ ያልጀመረ ዲስክ በመጠበቅ አይጎዳም።

ቀጥሎ ዲስኩን አድምጡት። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው፣ ወይም ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ካላየው ሕመሙ የብረቱ ነው፤ ፕሮግራም አያድነውም። ደጋግማችሁ አታስነሱት፤ ለዲስክ ሐኪም ይቆይ። የሚታይ ከሆነ ግን ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በተጫነበት ፍላሽ ኮምፒዩተሩን አስነሱ። ይህን ስታደርጉ የተጎዳው ዲስክ ሳይነካ ተኝቶ ይቆያል። ከዚያ ስማርትሲቲኤል በሚባለው መሣሪያ ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን ጤና አንብቡ። ሊነበቡ ያልቻሉ ቦታዎች ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ አደጋው እኔ ያለፍኩበት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው እርምጃ የዚህ ንግግር ልብ ነው። ምንም ነገር ሳትጠግኑ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ገልብጡት። ለዚህ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይወስዳል። የሚያስቸግረውን እየዘለለ ምልክት ያደርግበትና በኋላ ተመልሶ ይሞክረዋል። የደረሰበትን ሁሉ የሚጽፍበት ማፕ ፋይል እንዲይዝ ታዝዙታላችሁ። መብራት በመካከሉ ቢጠፋ ያን ማፕ አንብቦ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ከመጀመሪያው አይጀምርም። አያችሁት? እሱም ቋጠሮ ይዞ ነው የሚጓዘው። እኔ በዚያ ከሰዓት በኋላ ይህን አንድ እርምጃ አድርጌ ቢሆን ኖሮ የፈለግሁትን ያህል ብሳሳት እንኳ ዋናው ይተርፍ ነበር።

ዋናውን ዲስክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ከዚህ ወዲያ ሥራው በኮፒው ላይ ነው። ኤፍኤስሲኬን መጀመሪያ «ሰረዝ ኤን» ከሚባለው ትእዛዝ ጋር አስኪዱት፤ ያኔ ሁሉን አይቶ የሚነግራችሁ ብቻ ነው፣ ምንም አይለውጥም። ተከፍቶ ሥራ ላይ ባለ ፋይል ሲስተም ላይ ጥገና ፈጽሞ አይደረግም። ፕሮግራሙ በአምስት ዙር ይሠራል። በመጀመሪያው የፋይሎቹን መዝገብና የያዙትን ቦታ ይመረምራል። በሁለተኛው የፎልደሮቹን ውስጥ ያያል። በሦስተኛው ፎልደሮቹ ከዋናው ሥር ጋር መገናኘታቸውን ያረጋግጣል። በአራተኛው እያንዳንዱ ፋይል ስንት ስም እንዳለው ይቆጥራል። በአምስተኛው የባዶውንና የተያዘውን ቦታ ሒሳብ ያስታርቃል። ስህተቶቹ በአምስተኛው ዙር ብቻ ከሆኑ ልባችሁ ይረፍ፤ የቆጠራ መዛባት ነው። በመጀመሪያው ዙር ብዙ ከሆኑ ግን ቀስ በሉ፤ የተነካው ሥሩ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ፋይል ሲስተሙ ጨርሶ አልታወቅ ይላል። ስለ ራሱ ሁሉን የሚናገርበት የመጀመሪያው ገጽ፣ ሱፐርብሎክ የሚባለው፣ ተጎድቶ ነው። ብልህ ገበሬ የዓመቱን ዘር በሙሉ በአንድ ጎተራ እንደማያስቀምጥ፣ ኢኤክስቲ4ም የዚህን ገጽ ኮፒዎች በዲስኩ ውስጥ ራቅ ራቅ አድርጎ አኑሯል። በተለመደው የ4 ኪሎባይት ብሎክ የመጀመሪያው ኮፒ 32768ኛው ብሎክ ላይ ነው፤ ሌሎች ደግሞ 98304 እና 163840 ላይ አሉ። ለኤፍኤስሲኬ ከዚያ አንብብ ብላችሁ ቁጥሩን ስትሰጡት የሞተ የመሰለው ዲስክ ብዙ ጊዜ ይናገራል። ይህን ቁጥር ያላወቁ ሰዎች ስንቱን ጤነኛ ፋይል ቀብረው ፎርማት እንዳደረጉ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ጥገናው ሲያልቅ ሎስት ፋውንድ የሚባለውን ፎልደር ክፈቱ። ባለቤቱ ያልታወቀ ፋይል ሁሉ በቁጥር ተሰይሞ እዚያ ይሰበሰባል። ፍየል ከመንጋው ጠፍታ ብትገኝ ስሟን አትነግራችሁም፤ በጆሮዋ ምልክት ግን የማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ፋይልም እንደዚሁ ነው። ድምፅ ይሁን ፎቶ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ላይ የዓይነቱ ምልክት አለው። ስሙን ግን ሰው ነው የሚመልስለት። ያን ጊዜ ከተረፉት ቅጂዎች ብዙዎቹን ያገኘኋቸው እዚህ ነበር። እያንዳንዱን ከፍቼ፣ አዳምጬ፣ ድምፁ የማን እንደሆነ የሚያውቁትን ጠይቄ ስሙን ለመመለስ ወራት ፈጀብኝ።

ሁሉም ሊኑክስ በአንድ ፋይል ሲስተም እንደማይሠራም እወቁ። ኤክስኤፍኤስ ከሆነ መጀመሪያ በወጉ ክፈቱት፤ ሲከፈት ጆርናሉን ራሱ ያነባል። ጆርናሉን የሚሰርዘው ትእዛዝ የመጨረሻው የመጨረሻ ነው። ቢቲአርኤፍኤስ ከሆነ ደግሞ «ጠግን» የሚለውን ትእዛዝ መጀመሪያ ላይ አትንኩት፤ በንባብ ብቻ ከፍታችሁ ፋይሎቹን አውጡ። በሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ ሰርቨር ላይ ዳታቤዝ ካለም የፋይል ሲስተሙ መጠገን አይበቃም። ዳታቤዙ የራሱ ጆርናል አለው፤ እሱም ተነሥቶ የታካሚዎቹን መዝገብ ማስታረቁን ካላያችሁ ሥራው አላለቀም።

እዚህ ኮልቾ ያላችሁት «እኛ የምንጠቀመው በሶላር ነው፤ መብራት አይሄድብንም» ትሉኝ ይሆናል። ባትሪው ሲደክም ኢንቨርተሩ በአንድ ጊዜ ነው የሚቆርጠው። ለዲስኩ ከከተማው መብራት መጥፋት የሚለይበት ነገር የለም። ስለዚህ ባትሪው ሳያልቅ ኮምፒዩተሩ ራሱን በወጉ እንዲያጠፋ አድርጉ። ከዩፒኤስ ጋር እየተነጋገረ ይህን የሚያደርግ ነፃ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ አለ። በሚሞሪ ካርድ የሚነሱ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ለትምህርት ቤት ጥሩ ናቸው፤ ካርዳቸው ግን በድንገተኛ መቋረጥ ቶሎ ይጎዳል። ሥርዓቱን ለንባብ ብቻ ክፍት አድርጉት፤ የሚጻፈው ነገር ለብቻው ይቀመጥ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራቱ በኃይል ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ እዚህ የምናገረው ለምንድን ነው? በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢቮ ስትሬከርና ጂን ላይዳል የተባሉት የባህል ተመራማሪዎች ሐመር ውስጥ ተቀምጠው ሽማግሌዎችን ሲቀዱ የተጠቀሙት ማግኔት ቴፕ ነበር። ባልደምቤ የተባሉት የሐመር ሰው የተናገሩት በ1979 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ቴፕ ቢበጠስ ይቀጠላል። ባትሪው መሐል ላይ ቢያልቅም እስከዚያች ቅጽበት የተነገረው በክሩ ላይ ይቀራል። የእኛ ዘመን ስልክና ዲስክ ከቴፕ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ይይዛል፤ ግን መዝገቡ ሲጠፋ ያዘው ሁሉ አብሮ የጠፋ ይመስላል። እኛም ጠፋ ብለን እናምንና በእጃችን እናጠፋዋለን።

ደቡብ ኦሞ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ምድር ናት። ከእነዚህ መካከል የወይጦው ኦንጎታ የሚነገረው በጣት በሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ነው። የካሮ ሕዝብም ቁጥሩ ጥቂት ነው። እዚህ የሚቀዳ አንድ ድምፅ በሌላ ቦታ ሁለተኛ የለውም። አዲስ አበባ ላይ የጠፋ ደብዳቤ እንደገና ይጻፋል። እዚህ የጠፋ ድምፅ ግን ባለቤቱ ካረፈ ማን ይደግመዋል?

ስለዚህ ወጣቶች፣ አንድ ነገር ለምኜ ላብቃ። የአያቶቻችሁን ድምፅ ቅዱ፤ በዚያው ቀን ሁለተኛ ኮፒ አድርጉ፣ ሦስተኛውን ጂንካ ላለ ዘመድ ላኩ። በወር አንድ ቀን ኮፒዎቹን ከፍታችሁ አዳምጡ፤ ያልተከፈተ ኮፒ መኖሩ አይታመንምና። የእያንዳንዱን ቅጂ ስም፣ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን በደብተር ላይም በእጅ ጻፉ። ደብተር መብራት አይፈልግም። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ማሽኑ አልነሳ ሲል፣ ከኋላችሁ ሰው ቆሞ «ቶሎ በል» ሲል፣ እጃችሁን ከኪቦርዱ ላይ አንሡና ኬብሉን ንቀሉ።

ያቺ እናት ዜማውን ከማዜማቸው በፊት «ይህ የት ነው የሚቀመጠው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በዲስኩ ላይ እጄን አድርጌ «እዚህ ነው፤ አይጠፋም» አልኳቸው። የሰጠሁትን ቃል አልጠበቅሁም። እናንተ ግን ይህን ሥራ ዛሬ ከጀመራችሁ፣ አያቶቻችሁ እንዲህ ብለው ሲጠይቋችሁ ሦስት ቦታ እየጠቆማችሁ «አይጠፋም» ማለት ትችላላችሁ፤ እውነትም ይሆናል።